ከሶኬቱ እንጀምር

ቡናው ሲቆላ ደርሳችኋልና አረፍ በሉ። ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ መወልወያ ነው። በባልዲ ተነክሮ የሚጨመቀው አይደለም፤ ውሃ ጠጥቶ እንፋሎት የሚተፋው ዘመናዊው። የባለቤቴ ታናሽ እህት ከዱባይ ስትመለስ ያመጣችልን ነው። ስምንት ወር ሙሉ የሳሎኑን ሴራሚክ እንደ መስታወት ሲያበራ ከርሞ፣ በፋሲካ ዋዜማ፣ ያውም እንግዳ ሊመጣ ሲል፣ ለገመ። ትንሿ አምፖል ትበራለች፤ ሙቀት ግን የለም።

ቤት ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አማቴ «ዓይን ነው፤ ሰው ሲገባ ሲወጣ ታሳዩታላችሁ» አሉ። ጎረቤታችን ጋሼ ደግሞ የመብራት ነገር አውቃለሁ ባይ ናቸውና አንዴ ገልበጥ አድርገው አይተው «ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዙ» ብለው ፈረዱ። እኔም ሁለቴ በጥፊ አልኩት። እኛ ቤት ከአባቴ ሬዲዮ ጀምሮ የታወቀ ሕክምና ነው። አልሠራም።

በኋላ ሳስበው ሦስታችንም የተሳሳትነው ከመሣሪያው በመጀመራችን ነው። መጀመር የነበረብን ከግድግዳው ነበር።

«ሶኬቱማ ጤነኛ ነው፣ ስልኬን ቻርጅ እያደረገልኝ አይደል?» አለ ልጄ። ይቺን ልብ በሉልኝ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። የስልክ ቻርጀር ጀርባውን ብታነቡት ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። መብራቱ ቢደክም ባይደክም ግድ የለውም። ሶኬትን መፈተን ከፈለጋችሁ ካውያ ወይም ውሃ ማፍያ ሰኩበት። እኔ ካውያ ሰካሁ፤ ሞቀ፣ ግን እያዛጋ ነው የሞቀው። ቴስተር ተውሼ ስለካው 165 ቮልት ሆኖ አገኘሁት። የሀገራችን መብራት 220 መሆን ነበረበት።

165 የ220 ሦስት አራተኛ ነውና ሙቀቱም ሦስት አራተኛ የሚሆን ይመስላል። አይደለም። በሬዚስታንስ የሚሞቅ ዕቃ ኃይሉ የሚወርደው በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው፤ ሦስት አራተኛ በሦስት አራተኛ ሲባዛ ከግማሽ ትንሽ አለፍ ይላል። 1,300 ዋት የተጻፈበት መወልወያ በዚያ ማታ 730 ገደማ ብቻ ነበረው ማለት ነው። ጥፋተኛውን ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ የበዓል ዋዜማ ነው፣ ሰፈሩ በሙሉ እንጀራ እየጋገረ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ያህል ይበላል። የእኛም ምጣድ ተጥዶ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ በዓል ነው።

ይሁን እንጂ ቮልቴጁ ደክሞም ቢሆን ለብ ማለት ነበረበት። በነጋታው ጠዋት አራት ሰዓት ላይ 218 ቮልት አገኘሁና ሰካሁት። እንደ በረዶ ነው።

ቀጥሎ መሰኪያው። ከዱባይ የሚመጣ ዕቃ ባለ ሦስት ጥርስ ጠፍጣፋ መሰኪያ አለው፤ ሆዱ ውስጥም 13 አምፔር የምትችል ፊውዝ ተቀምጣለች። የእኛ ሶኬት ደግሞ ባለ ክብ ቀዳዳ ነውና መሐል ላይ መቀየሪያ እንጨምራለን። የእኔ መቀየሪያ አንድ ጎኑ ጠቁሮ ተገኘ፤ ሲላላ እየጋለ ኖሯል። አምፖሏ ስለምትበራ ፊውዟ ደህና ነች ብዬ ተውኳት፤ መቀየሪያውን ግን ጣልኩት። ደግሜ ሰካሁ፣ አልሞቀም።

ከዚያ የውሃ መያዣውን ፈትቼ ለብርሃን ያዝኩት። ግድግዳው ላይ ነጭ ቅርፊት፣ ልክ ጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው። እኛ የምንኖረው ቃሊቲ ነው፤ ውሃችን ከአቃቂ ጉድጓዶች ነው የሚመጣው። የለገዳዲና የገፈርሳ ውሃ ግድብ ላይ የተጠራቀመ ዝናብ ሲሆን፣ የጉድጓድ ውሃ ግን በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይወጣል። ሲሞቅ ያ የያዘው ነገር ኖራ ሆኖ ይቀራል። መያዣውን በአቼቶና በውሃ ግማሽ ሰዓት ዘፈዘፍኩት፤ ተንፏፏና ለቀቀ። (ማሞቂያው ውስጥ አቼቶ ከመጨመራችሁ በፊት ግን መመሪያውን አንብቡ፤ የማይፈቅዱ አሉ።) መያዣው ጠራ፤ መወልወያው ያው ቀዝቃዛ።

አሁን ወደ ጠጋኝ ሄድኩ። ሬዚስታንሱን ለካው፤ 37 ኦም። 220ን በ220 አባዝታችሁ ለ1,300 ብታካፍሉት የሚመጣው ይኸው ነው። ጋሼ የፈረዱበት ሬዚስታንስ ሙሉ ጤነኛ ነበር! የሞተችው ከጎኑ የተለጠፈችው የሙቀት ፊውዝ ነች። ተርሞስታት ሲሞቅ ይቆርጣል፣ ሲበርድ ይመልሳል፤ ይህቺ ግን አንዴ ከቆረጠች አትመለስም። የገደላትም ኖራው ነው፤ ማሞቂያውን እንደ ጋቢ ስለሸፈነው ውሃው ሙቀቱን ሊወስድለት አልቻለም፤ ብረቱ ከልክ በላይ ጋለ፣ እሷም ቤቱ እንዳይቃጠል ራሷን ሰዋች።

ጠጋኙ «ፊውዟን ትተን በሽቦ ላገናኘው፣ አሁኑኑ ይሠራል» አለኝ። ይሠራል፣ እውነቱን ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን የሚቆርጥለት ነገር የለም። እምቢ አልኩ። ላይዋ ላይ የተጻፈው ዲግሪና አምፔር እኩል የሆነ ፈልጎ ቀየረው፣ የማሞቂያውንም ቅርፊት ጠረገው። ያን ቀን ማታ ሴራሚኩ በራ። አሁን የምንሞላው ኖራ የማይተው የባትሪ ውሃ ነው፤ እናንተም ብትገዙ ከባትሪ አሲድ እንዳታምታቱት አደራ።

ይህንን ሁሉ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው የአክስቴ ልጅ በስልክ ሳጫውታት፣ አዝናልኝ አዲስ መወልወያ ልትልክልኝ ተነሳች። ጀርባውን አንብቢልኝ አልኳት። 120 ቮልት፣ 1,300 ዋት ይላል። እኛ ቤት ቢሰካ ወደ 4,370 ዋት ሊስብ ነው፤ ከምጣዱ በላይ! እዚያው ወልውዪበት፣ እህቴ፤ እኛ ያለን ይበቃናል።