ሚስትየዋስ?

ዛሬ ሁሩሙ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ የተነሳ ጨዋታ አልለቅ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ረዥም ነው፤ ቡና የያዛችሁ ብቻ ቀጥሉ።

መቼም ከለቅሶ የሚመለስ የኢሉባቦር ሰው ወሬውን ከሟች ይጀምርና ቡና ዋጋ ላይ ይደርሳል፤ ከቡና ዋጋ ደግሞ ቀጥታ መንግሥት ነው። ዝናቡ አላባራ ብሎ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ ታፍነናል። ከኋላ ወንበር አንድ ሽማግሌ (ኦቦ እገሌ ናቸው፣ ታውቋቸዋላችሁ) «ሰው ማለት ነጋሶ! ቤተ መንግሥቱን እምቢ ብሎ በታክሲ የተሳፈረ!» አሉ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። የቀድሞው ፕሬዚዳንት የነጋሶ አገር ደምቢ ዶሎ ጎረቤታችን ነው፤ ለነጋሶ ራሱን የማይነቀንቅ መቱ ላይ ቢፈለግ አይገኝም። አንድ የጎሬ ልጅ ደግሞ ቤተ መንግሥት የሚል ቃል ሰምቶ ዝም ሊል? «በ1928 ንጉሡ ሲሰደዱ መንግሥት የተቀመጠው ጎሬ ነው፣ ቢትወደድ ወልደ ፃድቅ...» ሲል «ሰምተናል!» ብለን በአንድ ድምፅ አስቆምነው። ወንድሜ፣ ዋና ከተማነቱ ይቅርባችሁ፤ አሁን እኮ ዞኑንም መቱ ወስዳዋለች።

ከሹፌሩ ኋላ የተቀመጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ እናት እስከዚያች ሰዓት ቃል አልተነፈሱም። ዞር ብለው «ሚስትየዋስ ምን አለች?» አሉ።

መኪናው ጸጥ አለ። «ሬጊና አቤልት ይባላሉ» አልኩ።

«ፈረንጅ ናት?»

«ጀርመን።»

«ውይ! ታዲያ አገር ለቃ መጥታ ቤት ሲወሰድባት ማን አጽናናት?»

ኦቦ መልስ አልነበራቸውም። እኔም የለኝም።

ነጋሶን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አልደግምላችሁም። የሕገ መንግሥት ጉባኤውን የመሩት እሳቸው፣ ሕገ መንግሥቱን ያወጀው አዋጅ ላይ ስማቸው የሰፈረው እሳቸው፣ ከነሐሴ 1987 እስከ መስከረም 1994 ፕሬዚዳንት የነበሩት እሳቸው፣ ከድርጅታቸው ተጣልተው የወጡትም እሳቸው። ሊለቁ ሰሞን አዋጅ ወጣ፤ ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት ከፓርቲ ፖለቲካ ካልራቀ ጥቅማጥቅሙ ይቀርበታል የሚል። እሳቸው ደግሞ በ1997 ምርጫ ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳደሩና አሸንፈው ፓርላማ ገቡ። ጥቅማጥቅሙ ቀረ። በኋላም አርፈው አልተቀመጡም፣ አንድነት ፓርቲን መሩ። እሰየው። እኔም አጨብጭቤላቸዋለሁ።

ግን ጥቅማጥቅም የሚባለው ነገር ጋዜጣ ላይ ሲነበብ አንድ ቃል ነው፤ ቤት ውስጥ ሲደርስ ተበታትኖ ነው የሚመጣው። የምትተኛበት ክፍል ነው። ታመህ የምትታከምበት ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስበት መኪና ነው። ይህን ሁሉ አንድ በአንድ የሚቆጥረው ደግሞ ስብሰባ ረግጦ የወጣው ሰው አይደለም፤ ስብሰባው ውስጥ ያልነበረችው ናት። ወይዘሮ ሬጊና አዋላጅ ናቸው። ሙያ አላቸው፤ በባል ወንበር የሚኖሩ ሴት አልነበሩም። ቢሆንም ቤት ቤት ነው።

እዚህ ላይ የራሴ ጉዳይ ጣልቃ ይግባ፤ አልችልም።

አባቴ ርዕሰ መምህር ነበር። ትምህርት ቤቱን አልጠራም። ግቢው ውስጥ የሥራ ቤት ተሰጥቶን ነበር ያደግነው። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ብድግ ብሎ ተናገረ። የተናገረው ነገር እስከ ዛሬ ሰርግ በተሰረገ ቁጥር ይተረካል፤ በየሰርጉ እየተጨመረበት አሁን የፓርላማ ንግግር አክሏል። ከቦታው አነሱት፤ ቤቱም የቦታው ስለነበር ልቀቁ ተባልን። አባቴ ጀግና ተባለ። ሰው ሁሉ ትከሻውን እየመታ አደነቀው።

እናቴ ስብሰባው ላይ አልነበረችም። ጓሮ ነበረች። ጎደሬ፣ ኮረሪማ፣ ጤና አዳም፣ ጥቂት እግር ቡና፣ አጥሩን ይዞ የወጣ ጌሾ፤ ሁሉንም በእጇ የተከለችው ነው። ዕቃው አይሱዙ ላይ ሲጫን ጤና አዳሙን ከነአፈሩ ባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋ ይዛ ወጣች። ጌሾው ግን ሥሩ ጠልቆ አልነቀል አላት። በዶማ ታገለችው፣ ታገለችው፣ ተወችው።

ቆይቶ፣ በገበያ ቀን መቱ ገበያ ጌሾ ልትገዛ ትሄዳለች። አንዷ ልጅ ፊት ያለውን እስር አንስታ ቅጠሉን አገላብጣ አየችውና «ከየት የመጣ ነው?» ስትል፣ ልጅት «ከትምህርት ቤቱ ግቢ ነው እማማ፣ ከዳይሬክተሩ ቤት፤ ምርጥ ነው» አትላትም! እናቴ ምን አደረገች? ተከራክራ ገዛችው። የራሷን ጌሾ! ዋጋ አስቀንሳ! ጠላው ደግሞ መቼም የማይረሳ ሆኖ ወጣ፤ አባቴ አንድ ጣሳ ጨልጦ «ዛሬስ እጅሽ ልዩ ነው» አላት። ዝም አለችው። ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፤ እየሳቀች ጀምራ መሃል ላይ ሳቋ ቆመ።

ሰርግ ላይ ይህ ክፍል አይተረክም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አብርሃም ሊንከን ሲባል ሁሉም ባርያ ነጻ ያወጣ ይላል። ሜሪ ሊንከን ከወለደቻቸው አራት ወንዶች ልጆች ሦስቱን ቀብራለች፤ ዊሊን የቀበረችው እዚያው ዋይት ሐውስ እያሉ ነው፣ በ1862 እንደ ፈረንጆቹ። ባሏ በ1865 ቲያትር ቤት አጠገቧ ተቀምጦ ተተኮሰበት። ከዚያስ? ገንዘብ ቸግሯት ልብሶቿን ኒውዮርክ ወስዳ ልትሸጥ ብትሞክር ጋዜጦቹ ተሳለቁባት። ጡረታ እንዲሰጣት ኮንግረስን ስትለምን ኖራ የተፈቀደላት በ1870 ነው። በመጨረሻ በሕይወት የቀረው ልጇ ፍርድ ቤት አቁሞ የአእምሮ ሕሙማን ቤት አስገባት። የባሏ ሐውልት ግን ደህና ነው።

የደርጉን መሪ የመንግሥቱን ሚስት፣ ወይዘሮ ውብአንቺ ቢሻውን ላንሳ? ኸረ ተረጋጉ፣ ደርግን ልከላከል አይደለም! የቀይ ሽብር እናቶች ልቅሶ መቱም ደርሷል፤ ከዚያ ጋር የሚወዳደር ነገር የለኝም። የምለው፣ ከ1983 ጀምሮ ሐራሬ ነው ኑሯቸው። በሌለበት የተፈረደበት መንግሥቱ ነው፤ አብራው የምታረጀው እሷ ናት። የባል ጥፋትም ሆነ የባል ጀግንነት፣ ደረሰኙ የሚመጣው በአንድ አድራሻ ነው።

ዶክተር ነጋሶ ያረፉት ሚያዝያ 19 ቀን 2011 ነው፣ ለሕክምና በሄዱበት ጀርመን። ቀኑን ልብ ብላችሁታል? ቀዳም ስዑር ነበር፤ የፋሲካ ዋዜማ። ቤታችን ዶሮ እየተበለተ ነው ዜናውን የሰማነው። አባቴ ቢላውን አስቀምጦ ተቀመጠ፤ ለረዥም ሰዓት ስለ እውነተኛ ሰው አወራ፤ ስለ አማታቸውም ጭምር አነሳ፣ ስለ ቄስ ጊዳዳ ሶለን፣ ፈንጣጣ ገና በልጅነታቸው ዓይናቸውን አጥፍቶባቸው ደምቢ ዶሎን በወንጌል ስለዞሩት። አማታቸው ስል የወይዘሮ ሬጊናን አማት፣ የነጋሶን አባት ማለቴ ነው፤ አያችሁ፣ በእሷ በኩል ሲቆጠር ለጆሮ እንግዳ ይሆናል። እናቴ ሽንኩርቱን እያቁላላች ሁሉንም ሰማችና «ነፍስ ይማር። እሷስ ወዴት ትገባ ይሆን አሁን?» አለች። አባቴ ማውራቱን ቀጠለ።

መርህ አትያዙ እያልኩ አይደለም። ያዙ። ብድግ ብላችሁ ተናገሩ፤ ለእኔም ተናገሩልኝ። ግን ከመነሳታችሁ በፊት ጓሮ ያለችውን አንድ ጊዜ ጠይቋት፤ እሺ ካለች ደግሞ ሲጨበጨብ ስሟ ይጠራ። ይሄ ብዙ ነው?

አባቴ ይህን ካነበበ የጌሾውን ነገር አወቀ ማለት ነው። ይወቅ።