ሃያ ደቂቃ ምን አላት!

ፕሮግረሲቭ ሮክን የማይወዱ ሰዎች ክሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «በዛ፣ ረዘመ!» ይላሉ። የስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1972 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ያወጣው «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» አንዱን የሸክላ ገጽ ብቻውን ይዞ ከ18 ደቂቃ በላይ ይዘልቃል። ይዝለቃ! ወሎ ቦረና፣ መካነ ሰላም ተወልዶ፣ መንዙማ ሲታደር እየሰማ ያደገ ሰው በ18 ደቂቃ ሊሰለች ነው? በእኛ ቤት ያኔ ገና ቡናው አልተቆላም።

የቦረና መንዙማ ሲጀምር አይቸኩልም። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድቤው ዝግ ብሎ ይመታል፣ የዕጣኑ ጭስ ቤቱን ይሞላል። እኛ ልጆቹ በር ላይ ተኮልኩለን እንሰማለን። ዐረብኛው ቀርቶ አማርኛውም ግማሹ አይገባኝም ነበር። ሌሊቱ ተጋምሶ ድቤው ሲፈጥን፣ ጭብጨባው ሲወፍር፣ ያንኑ ሐረግ ሲመላልሱት ግን ተቀምጬ መስማት ያቅተኛል።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ወዳጄ ማግማ የተባለውን የፈረንሳይ ባንድ አሰማኝ፤ በ1973 የወጣውን «መካኒክ ዴስትሩክቲቭ ኮማንዶ»ን። የባንዱ መሪና ከበሮ መቺ ክርስቲያን ቫንደር ፈረንሳይኛው አልበቃ ብሎት ኮባይኛ የሚባል ቋንቋ ራሱ ፈጥሯል። ድምፃውያኑ በዚያ ማንም አፉን ባልፈታበት ቋንቋ አንዱን ሐረግ እየመላለሱ፣ እያፈጠኑ፣ እያጋጋሉ ይሄዳሉ። ወዳጄ ፊት ፊቴን እያየ እስክደነግጥ ይጠብቃል። እኔ በሳቅ! «እነዚህ ሰዎች ቦረና ያደሩት መቼ ነው?» አልኩት። ለዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ ፈረንጆቹ «ዞይል» የሚል የራሱ ስም ሰጥተውታል፤ ለጆሮ ይከብዳል ይሉታል። እኔ የከበደኝ ሲያልቅ ነው።

ያኔ በልጅነታችን ታዲያ ሙዚቃ ወደ እኛ የሚመጣው በደሴ አውቶብስ ነበር። መንገዱ ጠጠር፣ የጉጉፍቱ ብርድ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ መምጫው የማይታወቅ። የሚደርሰን ካሴት የቅጂ ቅጂ ነው፤ ማን እንደተጫወተው አይጻፍበትም፣ ቢጻፍም ስሙ ተፍቋል። ቴፑ ባትሪ ስለሚበላ ወደ ኋላ የምንመልሰው በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠንን ነው። የደከመ ባትሪ ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፤ እምቢ ካለ በጥርሳችን እንነክሰዋለን። እሱም እምቢ ሲል ዘፋኙ አብሮ ይደክማል፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎተታል፣ ሴቷ ወንድ ትሆናለች። ዛሬ ሙዚቃ በኮምፒውተር እያዘገሙ «ስሎውድ» ብለው የሚለቁ ወጣቶችን ሳይ፣ አይ ልጆቼ፣ ይሄንንማ እኛ በሁለት ባትሪ ጨርሰነዋል እላለሁ።

ያልተዘፈነበትን ሁሉ «ክላሲካል» ነበር የምንለው። ሬዲዮ ላይ በፕሮግራምና በፕሮግራም መሃል የሚገባ መሙያ ነው፤ ልክ ኦርጋኑ ማበድ ሲጀምር ዜና አንባቢው ይደርስና ይቆርጠዋል። የዋሊያስ ባንድን «ሙዚቃዊ ስልት» መጨረሻውን ሳልሰማ ስንት ዘመን ኖርኩ መሰላችሁ! በ1977 «ቸ በለው» ብለው ካወጡት ሸክላ ላይ ያለ ነው፤ ኃይሉ መርጊያ ኦርጋኑን ይዟል፣ ሙላቱ አስታጥቄም በሸክላው ላይ አለበት። ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን ነው። ማታ ሆቴል የገባ ታዳሚ ሳይነጋ መውጣት ስለማይችል ባንዱም አብሮ ሲጫወት ያነጋል። ለንደን ላይ ሙዚቃውን ያስረዘመው የሙዚቀኛው ምኞት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ጠብመንጃም አግዟል።

የኃይሉ ነገርማ ራሱን የቻለ ተረት ነው። በ1981 ዋሊያስ አሜሪካ ለዝግጅት ሲሄድ እዚያው ከቀሩት አንዱ እሱ ነው። በ1985 አኮርዲዮንና ሙግ ሲንተሳይዘር ይዞ፣ ከሰው ከበሮ መቺ ይልቅ የከበሮ ማሽን ደግኖ፣ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ። ከዚያ ዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከሻንጣው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያቺን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተማት፣ ሰውየውም ዓለምን መዞር ጀመረ። ባሕር ዳር! ከእኛ አባይን ተሻግሮ ማለት እኮ ነው። ቀናሁ፤ አልደብቅም።

አሁን ስልኬ ላይ ሁሉም አለ። አንዱ ዘርፍ ወደ ሌላው ይጎትተኛል፦ ከክራውትሮክ ወደ ካንተርበሪ፣ ከካንተርበሪ በ1978 ለንደን ላይ ሄንሪ ካው ወደመራው የ«ሮክ ኢን ኦፖዚሽን» ስብስብ። የሚያስፈነድቀኝ ግን እዚያ ሩቅ ሄጄ የእኛን ሽታ ሳገኝ ነው። አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ ጎን ለጎን ተጠግተው የሚናከሱ ድምፆች አሉ፤ ማሲንቆ ላይ ሲሆኑ ያባባሉ፣ በኤሌክትሪክ ጊታር ሲጮኹ ግን ያስፈራሉ። ኪንግ ክሪምሰን በ1974 «ሬድ»ን ሲጫወት የሚጎረብጠውን ጊታር ጆሮዬ ወዲያው የተቀበለው ለዚህ ይመስለኛል። ባቲንና አምባሰልን ለቅኝት ስም ከሰጠች አገር የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ድምፅ አያስደነብረውም።

ጌታቸው መኩሪያ ደግሞ ይህን ሁሉ ፈረንጅ ሳይሰማ ነው የጀመረው። በ1950ዎቹ ሽለላን ከአፍ ወደ ሳክስፎን አዛወረው። በስተርጅናው ዘ ኤክስ ከሚባሉት የሆላንድ ፓንኮች ጋር ገጠመና በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አወጡ። አሮጌው ይሸልላል፣ ጎልማሶቹ ጊታር ይቀጠቅጣሉ፣ ማን ማንን እንደሚያባርር አይታወቅም። የሊዮኖቹ ዩካንዳንዝ ደግሞ አስናቀ ገብረየስን ይዘው በ2012 «ይቻላል»ን ለቀቁ። ሊዮን እንግዲህ የማግማ አገር የፈረንሳይ ከተማ ናት፤ ዙሮ ዙሮ ተገናኘ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን አወጣ፤ ፕሮዲውሰሩ ቢል ላስዌል፣ ያ በ2001 ከጂጂ ጋር የሠራው ሰው። ስለ ጃኖ ያለኝ ቅሬታ አንድ ብቻ ነው፤ ዘፈኖቹ አጭር ናቸው።

መካነ ሰላም ካምፓስ የሚማረው የወንድሜ ልጅ በዚህ ይስቅብኛል። «ጋሼ፣ ለአንተ ካላደረ ሙዚቃ አይደለም» ይለኛል። ባለፈው ክረምት ቤት ስንሰበሰብ «ሞአ አንበሳ»ን በትልቁ ስፒከር ለቀቅነው። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ አዳምጣ አዳምጣ፣ «ሸላዩስ ወንድ ነው» አለች፤ «እነዚህ ከኋላው ቆርቆሮ የሚደበድቡት ግን የማን ወገን ናቸው?» ልጁ መልስ ሳይሰጣት ዩካንዳንዝን ከፈተ። ውሻው ወጥቶ ሄደ። «አብሽር፣» አለችው እናቴ፣ «አትቀንሰው፤ የሚዘፍነውን ልስማው።»