«ፎርማት ይደረግ»

ከላፕቶፕ ውጭ ተቀምጦ የሚሠራው የድምፅ መቀየሪያ፣ በገበያ ስሙ ኦዲዮ ኮንቨርተር የሚባለው መዳፍ ውስጥ የሚገባ ዕቃ፣ ከቴፕ በሽቦ የሚመጣለትን የድምፅ ሞገድ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየለካ ልኬቱን በቁጥር መልክ ለኮምፒውተር የሚያቀብል መሣሪያ ሲሆን፣ በካሴት ያለ ድምፅ ወደ ፋይል የሚገለበጠው በዚህ መንገድ ነው። ይህን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ግን ላፕቶፑ ሊያውቀው ይገባል፤ ዛሬ አምቦ ላይ ከረፋድ እስከ አመሻሽ የዘለቀው ክርክርም የተነሣው ላፕቶፑ «አላውቀውም» በማለቱ ነው። ሊገለበጡ የታሰቡት በእማማ የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያሉ የድምፅ ደብዳቤ ካሴቶች ናቸው፤ ካሴቶቹ ደኅና ናቸው፣ እማማም ደኅና ናቸው፣ ቴፑም እስከ ዛሬ ጠዋት ደኅና ነው ተብሎ ሲታመን ነበር።

ላፕቶፕ አንድን ዕቃ አላወቀም ሲባል ጥፋቱ የላፕቶፑ ይመስላል፤ በአሠራሩ ግን ቤት እንደመጣ እንግዳ ማንነቱን መናገር ያለበት ዕቃው ነው። ደንቡ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ዩኤስቢ የተባለው መሰኪያ በመደበኛው ኬብል ውስጥ አራት ሽቦዎች ያሉት ሲሆን፣ ቀዩና ጥቁሩ 5 ቮልት ኤሌክትሪክ ያደርሳሉ፣ አረንጓዴውና ነጩ ደግሞ መረጃ ያመላልሳሉ። ዕቃው እንደተሰካ ከመረጃ ሽቦዎቹ በአንዱ ላይ ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ መምጣቱን ያሳውቃል፤ ላፕቶፑም ማን እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ዕቃውም የአምራቹን ቁጥር፣ የራሱን የምርት ቁጥርና የሥራ መደቡን ዘርዝሮ ይመልሳል፤ የድምፅ ዕቃዎች መደብ ቁጥር 1 ነው። መደቡ ከተሰማ በኋላ ላፕቶፑ ድራይቨር የተባለውን፣ ማለትም ዕቃውንና ዊንዶውስን የሚያግባባውን አነስተኛ ፕሮግራም፣ ፈልጎ ያገናኛቸዋል። ይህ ሁሉ ጥያቄና መልስ የሚያልቀው ሰው «ተሰካ እንዴ?» ብሎ ሳይጨርስ ነው።

ስለሆነም መጀመሪያ መታየት ያለበት ላፕቶፑ ዕቃውን «ምን ያህል» እንዳላወቀው ነው። ዲቫይስ ማኔጀር የሚባለው፣ ዊንዶውስ ያወቃቸውን ዕቃዎች በሙሉ የሚዘረዝርበት ሰሌዳ፣ ተከፍቶ ኮንቨርተሩ ሲሰካና ሲነቀል ዝርዝሩ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰ፣ የመምጣት ምልክቱ ራሱ አልደረሰም ማለት ስለሆነ ስለ ድራይቨር ማውራት ገና ነው፤ የሚጠረጠረው ኬብሉ፣ መሰኪያው ወይም ዕቃው ራሱ ነው። ያልታወቀ ዕቃ የሚል ጽሑፍ ከቢጫ ሦስት ማዕዘን ጋር ወጥቶ ቁጥር 43 ከተጻፈበት፣ የኮንቨርተሩ መምጣት ተሰምቷል፣ መልሱ ግን ተንተባትቧል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የሚሆነው ኬብሉ ሲላላ ወይም ጉልበት ሲያንስ ነው፤ የዩኤስቢ 2 መሰኪያ እንዲያቀርብ የሚጠበቅበት 500 ሚሊአምፔር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ማከፋፈያ ላይ ማውዝ፣ ፍላሽና ስልክ ከተደረደሩ በኋላ ኮንቨርተር ሲጨመርበት አይንተባተብም ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ቁጥር 28 ከሆነ ድራይቨር አልተጫነም፤ ቁጥር 10 ከሆነ ድራይቨሩ አለ፣ ዕቃውን ማስነሣት ግን አልቻለም። አራቱ አራት የተለያዩ ሕመሞች ናቸው።

የዛሬው ከአራቱ የመጀመሪያው ነበር፤ ዝርዝሩ ንቅንቅ አላለም። በዚህ ደረጃ የሚደረገው ኬብል መለወጥ፣ ያም ካልሆነ ኮንቨርተሩን በሌላ ላፕቶፕ መሞከር ሲሆን፣ ዕቃው የተወሰደበት ጥገና ቤት ያለው ወጣት ግን ሰሌዳውን ሳይከፍት፣ ኬብሉንም ሳይነካ፣ ላፕቶፑን ገልበጥ አድርጎ ጀርባውን ካየ በኋላ ብይኑን ሰጠ።

«እማማ፣ ዊንዶውሱ ነው፤ ፎርማት ይደረግ።»

«ምኑን ነው የምታደርገው ልጄ? ካሴቴን እንዳትነካብኝ!»

እዚህ ላይ ስለ ኮንቨርተሩ የተጀመረው ሐተታ ለጊዜው ይቆይና ስለ ፎርማት የሚባለው ይባል። ፎርማት ማለት በኮምፒውተሩ ማከማቻ ላይ ያለውን ሰርዞ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን ሲሆን፣ ከሆለታ በጊንጪ፣ በአምቦና በጉደር አድርጎ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ላይ ላፕቶፕ ይዞ የወጣ ሰው ሕመሙ ምንም ይሁን ምን ይህ መድኃኒት ሲታዘዝለት ይኖራል። ላፕቶፑ ቢዘገይ ፎርማት፣ ዋይፋይ ቢጠፋ ፎርማት፣ ድምፅ ቢያንስ ፎርማት ነው፤ ስክሪኑ የተሰነጠቀበት ሰውም ከጥገና ቤት በር ላይ ይህንኑ ምክር ሰምቶ ቢመለስ የሚገረም አይኖርም። የመመረቂያ ጽሑፉ የመጨረሻው ምዕራፍ በዚህ መድኃኒት የታጠበበት የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ይህን ሲያነብ እንደማይስቅ ይታወቃል፤ ይቅርታ ይጠየቃል።

ለባለሙያዎቹም ፍትሕ ያስፈልጋል። የሕመሙን ምክንያት ፈልጎ ለማግኘት ሁለት ሰዓት የፈጀ ባለሙያ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ኬብል ሲለውጥ «ለዚህ ነው ገንዘብ የምትጠይቀው?» ይባላል፤ ፎርማት ግን የታወቀ ዋጋ አለው፣ ደንበኛውም አይከራከርበትም። በፍላሽ የሚዛመተው ቫይረስ በበዛባቸው ዓመታት ከሁሉ አጭሩ መፍትሔ እሱ ነበር። ኢንተርኔትም ሌላው ምክንያት ነው፤ ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 2020 አዲስ አበባ ላይ ከተገደለ በኋላ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲቋረጥ፣ አንዲት ድራይቨር ከአምራቹ ገጽ አውርዶ መጫን ለአምቦ ባለሙያ የማይታሰብ ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ ሙያውን ያዳበረ ሰው የሚተማመነው በኪሱ ባለው ፍላሽ ነው፤ በፍላሹ ላይ ያለው ደግሞ ዊንዶውስ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ከመሰረዝ በፊት «እዚህ ውስጥ የሚፈልጉት ነገር አለ?» ብሎ ለመጠየቅ ኢንተርኔት እንደማያስፈልግ ግን መነገር አለበት።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የዘፈን ቤቶቹ ነገር ነው። ሚሞሪ የሚሞላባቸው ቤቶች ትዝ የሚሉት ሁሉ እንደሚያስታውሱት፣ ከስልክ የወጣች የጥፍር ያህል ካርድ ተቀብሎ በጥቂት ብር ዘፈን በሚጭነው ወጣት ፊት ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ «አዲስ»፣ «አዲስ አዲስ» እና «የመጨረሻ አዲስ» በሚሉ ፎልደሮች የተሞላ ነበር። አምቦ ተወልዶ ያደገው ሃጫሉ «ሰኚ ሞቲ» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን እ.ኤ.አ. በ2009 ካወጣ ወዲህ ዜማው ከከተማ ከተማ በዚህም መንገድ ተጉዟል፤ የቅጂ መብትን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 410 እ.ኤ.አ. በ2004 ከወጣ ዓመታት ቢያልፉም በእነዚያ በሮች ደጃፍ ስሙን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ይህም ለዘፋኞቹ የሚያሳፍር ሳይሆን ለአድማጮቹ የሚያሳፍር ነው። ያም ሆኖ፣ በእነዚያ ፎልደሮች ውስጥ በየትም ቤት የማይገኝ የሠርግ ቀረጻ፣ ስሙ ያልተጻፈ ዘፋኝ፣ ሽለላና ምርቃት ተከማችቶ ነበር፤ ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ዘገየ፣ አንድ ሰው «ፎርማት ይደረግ» አለ፣ አለቀ። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ለዓለም ያስተዋወቀው ካሴት ግን በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በአቧራና በብርድ እየተንገላታ እስከ ዛሬ አለ።

እርግጥ ካሴትም የራሱ ፎርማት ነበረው። በላዩ እንዳይቀዳበት ከካሴቱ ጀርባ የምትሰበረዋን ትንሽ ፕላስቲክ ቦታ በወረቀት ወይም በፕላስተር የደፈነ ታናሽ ወንድም፣ ከውጭ አገር የተላከ የድምፅ ደብዳቤ ላይ የሬዲዮ ዘፈን ቀድቶበት የተገረፈበት ቤት ጥቂት አይደለም። በፖስታ ምትክ ካሴት በሰው እጅ በሚላክበት ዘመን፣ ስድሳ ደቂቃ ሙሉ የዘመድ ስም እየተጠራ ሰላምታ የሚቀርብባቸው እነዚያ ቅጂዎች የአንድ ቤተሰብ መዝገብ ነበሩ፤ የእማማም ሣጥን የሞላው በእነሱ ነው።

ወደ ኮንቨርተሩ ሲመለስ፣ ጥፋቱ ኬብሉ ሆኖ ተገኘ። ከኮንቨርተሩ ጋር የመጣው ጠፍቶ ስለነበር የተሰካው ለስልክ ቻርጀር የተሸጠ ኬብል ሲሆን፣ ሻጩ «ኦርጅናል ነው» ብሎ ምሎበታል። በምላጭ ሲሰነጠቅ ከውስጡ ቀይና ጥቁር ሽቦ ብቻ ወጣ፤ አረንጓዴም ነጭም የለም። ኮንቨርተሩ ኤሌክትሪኩ ስለደረሰው መብራቱን አብርቶ ተቀምጧል፣ የሚናገርበት ሽቦ ግን አልተሰጠውም። ኦርጅናልነቱ አሁንም አልተካደም፤ ኦርጅናል ግማሽ ኬብል ነው።

አራቱም ሽቦ ያለው ኬብል ተገኝቶ ሲሰካ ላፕቶፑ ወዲያው አወቀው፣ ሌላ ጩኸትም ተነሣ፤ የላፕቶፑ ድምፅ ጠፋ! ይህ ብልሽት አይደለም፤ እንዲህ ያሉ ኮንቨርተሮች ድምፅ መቀበል ብቻ ሳይሆን ማውጣትም ስለሚችሉ፣ ዊንዶውስ አዲሱን መጤ ዋና የድምፅ መውጫ አድርጎ ይሾመውና የራሱን ስፒከር ዝም ያሰኛል፤ ከሰዓቱ አጠገብ ባለው የስፒከር ምልክት በኩል ሹመቱን መመለስ ይቻላል። ቀጥሎ ኦዳሲቲ በተባለው ነጻ የመቅጃ ፕሮግራም ቀረጻ ሲጀመር መስመሩ ቀጥ ብሎ ቀረ፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 ከውጭ የሚገባን ድምፅ ሁሉ እንደ ማይክሮፎን ስለሚቆጥሩት፣ በፕራይቬሲ ክፍል ውስጥ የማይክሮፎን ፈቃድ ከተዘጋ ቴፑ ቢጮኽም ፕሮግራሙ የሚሰማው ዝምታ ነው። ፈቃዱ ተከፈተ፤ መስመሩም ተነሣ። ውድ ኮንቨርተር የገዙ ተከታዮች ግን አንድ ነገር ይጨምሩ፤ ሁለተኛውን የዩኤስቢ ድምፅ ደንብ ብቻ የሚከተሉ ዕቃዎች ዊንዶውስ ያለ አምራቹ ድራይቨር የተቀበላቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮ ስለሆነ፣ ዊንዶውስ 7 ላይ ቢሰኩና ባይታወቁ ኬብል መሰንጠቅ አይጠቅምም።

ድምፁ መጣ። ከሣጥኑ መጀመሪያ የወጣው ካሴት የእማማ ታናሽ እህት ከውጭ የላከችው ሲሆን፣ ከስፒከሩ የተሰማው ግን የጎርናና ሽማግሌ ድምፅ ነበር፤ እማማ ጥቂት አድምጠው «ይቺማ አባቴ ናት» አሉ። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር መጓዝ ሲገባው፣ ሞተሩን ከመዞሪያው ጋር የሚያያይዘው የቴፑ ላስቲክ ላልቶ እየተንቀራፈፈ ነው፤ ፍጥነቱ እኩል ቀንሶ ቢሆን በፕሮግራም ይስተካከል ነበር፣ ይሄ ግን እንደ ልቡ ይዋዥቃል። በጉደር፣ በጌዶ ወይም በጊንጪ የድሮ ቴፕ የሚፈታ ሰው የሚያውቅ፣ ላስቲኩ ጠፍጣፋ ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፣ እዚህ ሥር ይጻፍ፤ ፎርማት ይደረግ የሚል ግን አይጻፍ።