ግራጫዋ ቀለበት

ኪሪንያጋ መንገድ፣ የናይሮቢ ሰው ዛሬም «ግሮጋን» በሚለው ሰፈር፣ ባዶ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀምጬ የመኪናዬን ቴስታታ ተገልብጦ አየሁት። እዚህ ሥራው ሁሉ ደጅ ነው። ሠራተኞቹ «ጁዋ ካሊ» የሚባሉትም ለዚሁ ነው፤ የሚያቃጥል ፀሐይ ማለት ነው።

መኪናዬ የታመመችው ከማይ ማሂዩ ወደ ሊሙሩ የሚያወጣውን ዳገት ስወጣ ነው። ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች ጡሩምባ እየነፉ አለፉኝ። ፉንዲው፣ ማለትም መካኒኩ፣ ኮምፕሬሽን ሲለካ ሦስተኛው ሲሊንደር የሌሎቹን ግማሽ ብቻ አሳየ። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት አንጠባጥቦ እንደገና ለካ፤ ፈቀቅ አላለም። ዘይቱ ከፍ ቢያደርገው ኖሮ ጥርጣሬው የፒስተኑ ሪንግ ላይ ይሆን ነበር። «ቫልቭ ነው፣ ቦስ» አለኝ።

ነገሩ ግን ቫልቩ ከአራት ወር በፊት «ተሠርቷል»። የሠራውን ጋራዥ ስም አልጠራም። ያን ጊዜ አንዱ ልጅ ሻካራውን የማፋተጊያ ቅባት፣ ግራይንዲንግ ፔስቱን፣ እንደ ቅቤ ለቅልቆ ቫልቩን ከሚያርፍበት መቀመጫ ጋር ከቁርስ እስከ ምሳ ሲያፋትግ እኔም አጠገቡ ቆሜ «ጎበዝ!» እያልኩ ነበር። አሁን ፉንዲው የጭስ ማስወጫውን ቫልቭ አውጥቶ በጥፍሬ እንድዳስሰው ሰጠኝ። ፊቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ተቆፍሯል። ያ ሁሉ ድካም ቦይ ሲቆፍር ነበር የዋለው።

አዲስ አበባ ያለው አጎቴ ዕድሜውን በጋራዥ የጨረሰ ሰው ነው፤ እስከ ዛሬ «ቫልቮላ» ነው የሚለው። ደውዬ ስነግረው ሳቀብኝ። «ልጄ፣ እኛ የምናፋትገው ብረቱን ለማየት ነው እንጂ ብረቱን ለመብላት አይደለም» አለኝ።

ለማየት እንዴት እንደሆነ የገባኝ ግሮጋን ላይ ነው። ፉንዲው ከሌሎቹ ቫልቮች የአንዱን ዘንግ ዘይት ቀባው፤ ፔስቱ ዘንጉ ወደሚንሸራተትበት ጋይድ እንዳይገባ ነው። ከዚያ ፊቱ ላይ ሦስት አራት ቦታ ብቻ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ነጥብ ነካ ነካ አደረገ። ባለጎማውን እንጨት ለጥፎ በሁለት መዳፉ መሐል እሳት እንደሚያወጣ ሰው ወዲያ ወዲህ አሽከረከረው። መጀመሪያ ጠጠር ላይ የሚጎተት ጫማ ድምፅ ነበረው፤ ጥቂት ቆይቶ ለሰለሰ። ሲለሰልስ ወዲያው አቆመ፣ በቤንዚን ጠረገና ወደ ብርሃን አዞረው።

አንዲት የደበዘዘች ግራጫ ቀለበት። የሚፈለገው እሷ ናት። ስፋቷ አንድ፣ አንድ ተኩል ሚሊሜትር ያህል፤ የጭስ ማስወጫው ላይ ትንሽ ብትሰፋ ይሻላል፤ ቦታዋም የፊቱ መሐል አካባቢ። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፤ የጭስ ማስወጫው የተሸከመውን ሙቀት በብዛት የሚያራግፈው በተዘጋባት ቅጽበት፣ በዚህችው ቀጭን መስመር በኩል ነው። በጣም ከጠበበች ሙቀቱ መውጫ ያጣል። በጣም ከሰፋች ደግሞ ግፊቱ ይበታተንና ጥላሸት ይቀመጥባታል።

ቀለበቷ ግን ትዋሻለች። ቫልቩ ከተጣመመ፣ ስታሽከረክረው ያበጠው ጎኑ መቀመጫውን ሁሉ ይዞራልና መቀመጫው ላይ ሙሉ ቀለበት ታያለህ፤ ቫልቩ ላይ ግን ግማሽ። መቀመጫው ከጋይዱ ጋር ካልገጠመ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቫልቩ ላይ ሙሉ፣ መቀመጫው ላይ የተቆረጠ። ስለዚህ ሁለቱንም ማንበብ ነው። እኔ በዚያ ጋራዥ ያየሁት መቀመጫውን ብቻ ነበር።

ከግሮጋን ወደ ጊጊሪ በመኪና ሩቅ አይደለም። እዚያ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤት አለ። ስለ ቫልቭ መቀመጫ ሳስብ ስለዚያ ቤት የማስበው በእርሳስ የተነሳ ነው። በድሮው ቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስ ሲቃጠል የሚተወው ዝቃጭ ለጭስ ማስወጫው መቀመጫ እንደ ትራስ ነበር፤ ብረት በብረት እንዳይጣበቅና እንዳይቦጫጨቅ ይከላከል ነበር። እርሳስ ይቅር ሲባል ብዙ ባለመኪና «ሞተሬ ተበላ» ብሎ ፈራ። አጎቴም ያኔ አጉረምርሟል። መቀመጫው ከራሱ ከቴስታታው ብረት ለተቀረጸ አሮጌ ሞተር፣ በተለይ ጭነት ይዞ ለሚሮጥ፣ ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም። ግን እርሳስ ከሚጎዳው ከልጆች አእምሮ ጋር በአንድ ሚዛን የሚቀመጥ አይደለም። በፈረንጆቹ 2006 መጀመሪያ ላይ ከሰሐራ በታች ያለው አፍሪካ፣ ኬንያም ኢትዮጵያም፣ እርሳሱን ትተው ነበር። የመጨረሻዋ አልጄሪያ በሐምሌ 2021 አቆመችና ይኸው መሥሪያ ቤት ነሐሴ 30 ቀን «አበቃ» ብሎ ለዓለም አስታወቀ። የኔ መኪና መቀመጫዎች ለብቻ የገቡ ጠንካራ ቀለበቶች ናቸው፤ በእርሳስ ማሳበብ አልችልም።

ቦይ የወጣበት ቫልቭ ተጣለ፣ አዲስ ተገዛ፣ መቀመጫውም በሦስት የተለያዩ ማዕዘኖች ተቆረጠ። ከዚያ ፉንዲው ፔስቱን እንኳ አልነካም። መቀመጫው ላይ በእርሳስ (ይኼኛው የመጻፊያው ነው) ዙሪያውን አጫጭር መስመሮች አሰመረ፣ ቫልቩን ጫን አድርጎ ሩብ ዙር ብቻ አዞረውና አነሳው። እየጠቆመ አስቆጠረኝ፤ ሁሉም መስመሮች ተቆርጠዋል፤ ዙሪያውን ገጥሟል ማለት ነው።

ቫልቮቹ በስፕሪንጋቸው ተመለሱ፣ ካንዴላዎቹ ገቡ፣ ቫልቮቹ ያፈስሱ እንደሆነ ለማየትም የማቃጠያ ጓዳዎቹ ቤንዚን ተሞሉ። ቻይ ልንጠጣ ሄድን። ስንመለስ ሦስተኛው ሲሊንደር ጠብ አላለም። በአንደኛው ሲሊንደር በኩል ግን፣ ማንም ባልጠረጠረው በማስገቢያው ቀዳዳ ውስጥ፣ እርጥብ ነገር ያብለጨልጫል። ፉንዲው አየኝ፣ አየሁት፤ ስፕሪንግ መፍቻውን ሊያመጣ ተነሳ።