አፎት ወይስ ባሕርይ? የሰው ህልውና ደረጃዎች በኡፓኒሻድና በኢትዮጵያ ሊቃውንት ትምህርት

በአዊ ዞን፣ በእንጅባራ ከተማ አቅራቢያ የሚገኘው የዘንገና ሐይቅ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ ውኃ ነው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል እንደሚደርስ ይነገራል። ከዳር ለሚመለከተው አንድ ወጥ ገጽ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ባለ ጥልቅ ሐይቅ ፀሐይ ያሞቀችው ውኃ ቀልሎ ከላይ ሲሰፍ፣ ቀዝቃዛውና ከባዱ ከሥር ይረጋል። ስለዚህ ድርብርብ ነው፤ ነገር ግን በድርብና በድርብ መካከል ግድግዳ የለም፤ የላይኛውን ገፍፎ የታችኛውን ለብቻው ማግኘትም አይቻልም። ስለ ሰው ህልውና ደረጃዎች የሚናገሩ ሁለት ትምህርቶችን ለሚያነጻጽር ተመራማሪ ይህ ቁም ነገር ነው፤ ድርብርብ የሆነ ሁሉ የሚላጥ አይደለምና።

የመጀመሪያው ትምህርት ምንጩ ታይቲሪያ ኡፓኒሻድ ነው። በዚያ ሰው አንዱ በሌላው ውስጥ በተሰወሩ አምስት ደረጃዎች ይገለጣል፦ ከምግብ የቆመው ሥጋ (አናማያ)፣ የሕይወት እስትንፋስ (ፕራናማያ)፣ አሳብ የሚመላለስበት ልቡና (ማኖማያ)፣ የሚለይና የሚፈርድ ዕውቀት (ቪግያናማያ)፣ በመጨረሻም ሐሴት (አናንዳማያ)። ከዝርዝሩ ይልቅ የሚማርከው መጽሐፉ የሚያስተምርበት መንገድ ነው። ብሪጉ የሁሉ መሠረት ስለሆነው ስለ ብራህማን አባቱን ቫሩናን ይጠይቃል። አባትየው መልሱን አይነግረውም፤ በተጋድሎ ራሱ እንዲፈልገው ይልከዋል። ልጁ ምግብ ነው ብሎ ይመለሳል፤ እንደገና ይላካል። እስትንፋስ ነው ብሎ ይመጣል፤ ዳግመኛ ይላካል። እንዲህ እየተመላለሰ ከሐሴት ይደርሳል። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤት ከየኔታ ፊት ቆሞ ቅኔው ስንት ጊዜ የተመለሰበት ተማሪ እንዲህ ያለውን አባት በቀላሉ ያውቀዋል።

ትምህርቱ ዛሬ በዮጋ ስም ቢታወቅም፣ የፓታንጃሊ የዮጋ ሱትራዎች አምስቱን ደረጃዎች አይዘረዝሩም። «ኮሻ» የሚል ስም ሰጥተው ሥርዓት ያበጁላቸው በኋላ የተነሡት የቬዳንታ ሊቃውንት ናቸው። በየዓመቱ ሰኔ 14 ቀን ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ሲከበር በአደባባይ የሚታየው እንቅስቃሴም ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች እምብዛም አያልፍም ቢባል ግፍ አይሆንም።

ሁለተኛው ትምህርት ለዘንገና አካባቢ ሰው ባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መምህራን ሰው ከሰባት ባሕርያት መፈጠሩን ያስተምራሉ። አራቱ የሥጋ ናቸው፦ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት። ሦስቱ የነፍስ ናቸው፤ ነፍስ ልባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ትባላለች፤ ታስባለች፣ ትናገራለች፣ በሕይወት ትኖራለች። ልብ፣ ቃልና እስትንፋስ ደግሞ ለምሥጢረ ሥላሴ ምሳሌ ሆነው ይጠቀሳሉ። በዚህ ትምህርት የሚያስደንቀው የደረጃዎቹ መደራረብ ሳይሆን መስማማታቸው ነው፤ እሳትና ውኃ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋ በአንድ ገላ ውስጥ ይኖራሉ።

እዚህ ላይ አምስቱንና ሰባቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ሥጋን ከአናማያ፣ ልብን ከማኖማያ ማዛመድ ይቀልላል። የሚያጓጓ ቢሆንም አያዛልቅም። እስትንፋስን ብቻ መውሰድ ይበቃል። በኡፓኒሻዱ እስትንፋስ ከሥጋ ቀጥሎ ያለ፣ ገና ብዙ የሚታለፍበት የውጭ ደረጃ ነው፤ በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ ግን የነፍስ ሕይወት ምልክት፣ የመንፈስ ቅዱስም ምሳሌ ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ወንበሩ ሌላ ነው።

ስለዚህ «ኮሻ»ን «አምስቱ ባሕርያት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሳያውቅ ትምህርቱን ይገለብጠዋል። ኮሻ በሳንስክሪት መያዣ ነው፤ የሰይፍ ቤትም፣ ግምጃ ቤትም ይባልበታል። አማርኛ ለዚህ «አፎት» የሚል ቃል አለው። ሰይፍ ከአፎቱ ቢመዘዝ ሰይፍነቱ አይጎድልም፤ የቬዳንታውም ጥረት ራስን ከአፎቶቹ ለይቶ ማወቅ ነው። ካታ ኡፓኒሻድ ይህን መለየት «ሙንጃ» ከተባለ ሣር መካከል አገዳውን በትዕግሥት ከመምዘዝ ጋር ያመሳስለዋል። (የእኛ ሙጃ በድምፅ ብቻ የተገናኘው ሳይሆን አይቀርም።) ባሕርይ ግን አይመዘዝም። ከአራቱና ከሦስቱ ጥምረት ነፍስ ብትለይ የሚቀረው ሬሳ ነው፤ እርሱም ቢሆን ትንሣኤ ሙታንን ተስፋ አድርጎ በአፈር ይቀበራል እንጂ እንደ አሮጌ ልብስ አይቆጠርም። ይህ ሲባል ኡፓኒሻዱ ሥጋን ይንቃል ማለት አይደለም፤ ምግብ እንዳይናቅ የሚያዝዘው ያው የብሪጉ ክፍል ነው።

«አፎት»ም ቢሆን ችግሩን ሁሉ አይፈታም። ችግሩ የሚጠነክረው በአምስተኛው ደረጃ ላይ ነው። ብሪጉ ሐሴት ላይ ሲደርስ ፍለጋው ያበቃል። ሻንካራ ግን አናንዳማያም የመጨረሻው ልባስ እንጂ ራሱ ብራህማን አይደለም ይላል። ራማኑጃ በተቃራኒው አናንዳማያ ራሱ ብራህማን ነው ብሎ ይከራከራል። እንግዲህ «የሐሴት አፎት» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ከሻንካራ ወገን ቆሟል፤ «ሐሴት» ብቻ ብሎ የሚያልፍም ለራማኑጃ በሩን ከፍቷል።