ሁለት ቢጫ ወረቀት

ሰው ወደ ሩቅ አገር ለመሄድ ባሰበ ጊዜ ስንቁንና ልብሱን ማሰናዳቱ የታወቀ ነው፤ የሚመለስበትን ቀን ለወላጆቹ ነግሮ የሚነሣው ግን ጥቂት ነው። እኔም ይኸን ነገር ሳላስተውለው አምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር በአዲስ አበባ በቦሌ በኩል ተቀምጬ ከእኅቴ ልጅ ተማርሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኅቴ ደብረ ማርቆስ ከቤቴ መጥታ፣ «ልጄ በሞተር ብስክሌት ናይሮቢ ደርሼ ልምጣ ይላል፤ በሞያሌ በኩል የሄደ የሰው ልጅ መች ተመለሰ? ሄደህ አስቀርልኝ» ብላ አለቀሰች። ሥጋቷም ከንቱ አልነበረም፤ በዚያው መንገድ እንጀራ ፍለጋ ወደ ደቡብ አፍሪካ የተነሡ ብዙ ወጣቶች በበረሃና በወህኒ ቤት ያዩትን መከራ አገር ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ጋቢዬን ደርቤ በአውቶቡስ ዓባይን ተሻገርሁ። በመንገድም ሳለሁ የተግሣጽ ቃሌን እንደ ቅኔ ቤት ዘረፋ ሳሰናዳ ዋልሁ።

ልጁ የሚኖረው ገርጂ ነው። ጥቅምት 10 ቀን በደረስሁ ጊዜ ሞተሩን በግቢው ውስጥ ፈታትቶ፣ ብልቱን በጨርቅ ላይ ዘርግቶ አገኘሁት። እጁን ታጥቦ ጉልበቴን ከሳመ በኋላ ውሃ አሙቆ እግሬን አጠበኝና፣ «የኔታ፣ ዛሬ የቢጫ ወባ ክትባት ተወግቻለሁ። ወረቀቱ የሚጸናው ከዐሥር ቀን በኋላ ነውና እስከዚያ አልነሣም» አለኝ። እኔም በልቤ፣ እንግዲያው ለማስቀረት ዐሥር ቀን አለኝ ብዬ ተጽናናሁ።

እርሱ ወደ ሥራው ሲሄድ እኔ ከተማውን ለማየት እወጣ ነበር። አዲስ አበባን ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ፤ ነገር ግን ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ወዲያ ስላላለፍሁ፣ ቦሌ ለእኔ ባዕድ አገር ነበረ። በጎዳናው ራስ የተተከለውን ጽሕፈት ባነብ አንዱ አፍሪካ ጎዳና፣ አንዱ ካሜሩን፣ አንዱ ናሚቢያ ይላል፤ ሩዋንዳ የሚባልም ሰፈር አለ። የእኅቴ ልጅ አንድ አገር ለማየት ይህን ያህል ሲደክም፣ እኔ በእግሬ ከቁርስ እስከ ምሳ ሦስቱን አገር ዞርሁ ብዬ ሣቅሁ። ዳሩ ግን በዚያው ቀን መንገድ ጠፍቶኝ አንዱን ወጣት «ናሚቢያ ጎዳና በየት በኩል ነው?» ብለው፣ እዚያው ቆሞ ሳለ «እንዲህ የሚባል አላውቅም አባቴ፤ መድኃኔ ዓለም ጋ ነው ወይስ ከዚያ ወዲህ?» አለኝ። ጽሕፈቱ ለእንግዳ ነው፤ የአገሩ ሰው የሚሄደው በቤተ ክርስቲያኑና በሕንፃው ምልክት ነው። መገናኛም በደረስሁ ጊዜ መንገዱ በላይና በታች ተጠላልፎ ስላገኘሁት፣ በልጅነቴ ከዋሸራ እስከ ጎንጅ ያለ መሪ የሄድሁት ሰውዬ፣ ወደ አያት የሚሄደውን ባቡር ለመሳፈር አንዲት ሕፃን ተማሪ እጄን ይዛ አሻገረችኝ።

ማታ ማታ ልጁ ስንቁን ሲያሰናዳ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። መፍቻውን፣ ትርፉን ካላማዳሪያ፣ የፍሬኑን ሽቦ አንድ በአንድ ይቈጥራል። ካንዴላ የሚሉትንም ብልት አሳይቶኝ ቃሉ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው ቢለኝ ደስ አለኝ። ሊብሬውንና መንጃ ፈቃዱን በላስቲክ ጠቀለለ፤ በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሞተር ብስክሌት ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይሄድ ከታገደ ወዲህ፣ ወረቀት የሌለው ባለሞተር ከሰፈሩም አይወጣምና።

ከወረቀቶቹ መካከል ሁለቱ ቢጫ ነበሩ። አንደኛው የክትባቱ ምስክር ነው፤ ሁለተኛው ኮሜሳ የሚባለው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገሮች የጋራ ገበያ ያቋቋመው የመድን ካርድ ነው። ይኸውም ሞተሩ በሰው አገር ሰው ቢጐዳ ካሣው በዚህ እንዲከፈል ነው። እኔም፣ «አንዱ የሚመጣብህን፣ አንዱ ከአንተ የሚመጣውን ይጠብቃል፤ እናትህንስ የሚጠብቅ ወረቀት የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ።

በዘጠነኛው ሌሊት ተግሣጼን አወጣሁት። መንገዱ ሩቅ መሆኑን፣ እስከ ሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ከዚያም እስከ ናይሮቢ ያንኑ ያህል እንዳለ ነገርሁት። እርሱም ከሞያሌ ወዲያ ቀድሞ ጭንጫና አቧራ የነበረው መንገድ አሁን አስፋልት እንደ ሆነ፣ የሁለቱም መንግሥታት ሹማምንት ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ስፍራ እንደሚያስተናግዱ አስረዳኝ። «በኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ እንዴት ትሆናለህ?» ብለው፣ «እኛስ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ አልነበረምን?» አለ። ሰዓቱ እንዳያሳስተው ብፈራለት፣ ስዋሕሊ ተናጋሪዎችም እንደኛ ከፀሐይ መውጫ አንድ ብለው እንደሚቈጥሩ ነገረኝ።

በመጨረሻ የአባ ጎርጎርዮስን ታሪክ አነሣሁ። እኒያ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1652 ዓ.ም. ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው ለሉዶልፍ የአገራችንን ቋንቋና ታሪክ አስረድተዋል፤ ነገር ግን በ1658 ዓ.ም. የተሳፈሩበት መርከብ ተሰብሮ ባሕር ላይ ቀሩ። «እንግዲህ አስተውል» አልሁት። ልጁ ጥቂት አሰበና፣ «የኔታ፣ እርሳቸው እኮ የሞቱት ሲመለሱ ነው» አለኝ።

ከዚያም ደብተሩን ገልጦ አሳየኝ። የመጀመሪያው ሌሊት ሐዋሳ፣ ሁለተኛው ያቤሎ፣ ሦስተኛው ማርሳቢት፣ አራተኛው ናይሮቢ፤ የመመለሻውም እንዲሁ በቀንና በከተማ ተጽፏል። በመጨረሻው ገጽ ከመሥሪያ ቤቱ የተሰጠው የዓመት ፈቃድ ደብዳቤ ተጣብቋል፤ ከበታቹም በእጁ «ኅዳር 8 ቀን አዲስ አበባ እገባለሁ» የሚል አለ። «ለእናቴ ነግሬያታለሁ፤ አላመነችኝም። የቀረው ማን እንደ ሆነ አላውቅም እንጂ አንድ ሰው ከቤታችን ሄዶ ቀርቶባታል» አለ።

አንባቢ ሆይ፣ የቀረው እኔ ነበርሁ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ደበሎዬን ለብሼ፣ አኩፋዳዬን አንግቼ፣ ለእናቴ ሳልነግር ሌሊት ወደ ቅኔ ቤት ኰበለልሁ። ነገር ግን ተማሪ ሁሉ እንዲህ ያደርግ ስለ ነበር እንደ ጀግንነት ቈጠርሁት። ቅኔውን አስመስክሬ በሰባተኛው ዓመት ብመለስ እናቴ በአምስተኛው ዓመት ዐርፋ ነበር። ጎረቤት እንደ ነገረኝ፣ በየዓመት በዓሉ ድርሻዬን በሞሰብ እያስቀመጠች በማግሥቱ ለውሻ ትሰጠው ነበር። አብራት የምትጠብቀኝ ታናሽ እኅቴ ነበረች። እኅቴ የፈራችው ሞያሌን አይደለም።

ይህን ሁሉ በዚያች ሌሊት ለልጁ ነገርሁት፤ ለእኅቴ ግን በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ይቅር በይኝ አላልኋትም ነበር። ሲነጋ ደወልሁላትና፣ «ልጅሽን አላስቀረሁትም፤ የሚመለስበትን ቀን ግን በዐይኔ አይቻለሁ» ብዬ፣ የቀረውንም ቃል ጨመርሁላት። ብዙ ዝም ብላ፣ «ቀኑን ድገምልኝ፤ ልጻፈው» አለችኝ።

ጥቅምት 21 ቀን ከንጋቱ በ12 ሰዓት በአቃቂ በኩል ወጣ። እኔም መርቄ ሸኝቼው ወደ አገሬ ተመለስሁ። በሦስተኛው ቀን ለእናቱ፣ «አሁን ወደ ግራ ተሻገርሁ» የሚል መልእክት ከሞያሌ ላከ። ሲመለስ ጎማው ቡሌ ሆራ ላይ ስለ ተበላሸበት የገባው ኅዳር 9 ቀን ነው፤ ከቀጠሮው አንድ ቀን ዘገየ። እኅቴም ያችን አንዲት ቀን እንዴት እንዳሳለፈቻት እያለቀሰችና እየሣቀች ነገረችኝ። እርስዋ ስትናገር እኔ የእናቴን አምስት ዓመት እቈጥር ነበር።