መንፉሐ፦ በጸሎት መዝገባችን የተጻፈች መንደር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ወደዚህ ቅዱስ ስፍራ የመጣ ሰው በዓሉን አክብሮ ሲመለስ የወገኖቹን ስም ለጸሎት አስመዝግቦ መሄዱ የቆየ ልማዳችን ነው። ያን መዝገብ ለብዙ ዓመት የጻፍሁት እኔ ነኝ። የሕያዋኑን በአንድ ወገን፥ የሙታኑን በሌላ ወገን፥ ከነክርስትና ስማቸው እጽፋለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን አንዲት ተሳላሚ ባቀበለችኝ ወረቀት ላይ፥ ከወለተ ማርያምና ከገብረ ሚካኤል ቀጥሎ፥ «መንፉሐ» የሚል ስም አገኘሁ።

«ልጄ፥ የዚህኛው የክርስትና ስሙ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ፈገግ አለች፤ ወዲያውም ዓይኗ እንባ አቀረረ። «አባ፥ ሰው አይደለም፤ ሰፈር ነው። ሪያድ ውስጥ ስድስት ዓመት የኖርሁበት ሰፈር ነው» አለችኝ። እኔም «በዚህ መዝገብ የሰው ስም እንጂ የሰፈር ስም አይጻፍም» ብዬ ሰረዝሁት። አልተከራከረችኝም፤ መስቀል ተሳልማ ሄደች። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ስረዛ ነው።

ስሙ ከልቤ አልወጣም። በግእዝ ትምህርት ያደግሁ ነኝና መጀመሪያ የታሰበኝ «ነፍኀ» የሚለው ግስ ነው፤ ነፋ፥ እፍ አለ ማለት ነው። በአቅራቢያችን ባለችው ከተማ ዐረብኛ ጠንቅቀው የሚያውቁ፥ በዕድሜም እኩያዬ የሆኑ አንድ ሼህ አሉ። በገበያ ቀን አገኘኋቸውና ስሙን ጠየቅኋቸው፤ በዐረብኛ ፊደል ጽፈው አሳዩኝ። የእኛ ነፍኀ በብዙኃኑ ኀ ነው፤ መንፉሐ ግን በሐመሩ ሐ ነው። በአማርኛ አንደበታችን ሦስቱ ሀዎች አንድ ድምፅ ሆነው ቀሩ እንጂ ዐረቡ ዛሬም ለይቶ ይጠራቸዋል። በሐመሩ ሐ ሲሆን ትርጓሜው መዓዛ ነፈሰ፥ ደግሞም ቸረ፥ ሰጠ ይሆናል።

ሼሁ ከዚህ በኋላ የነገሩኝ ታሪክ እነሆ። በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያረፈው የመልክዐ ምድር ጸሐፊ ያቁት አል ሐመዊ ስለ ስሙ አመጣጥ የቆየ ትረካ መዝግቧል። በየማማ ምድር ዑበይድ የተባለ የበኑ ሐኒፋ ሰው ወገኖቹን በዙሪያው አስፍሮ ይኖር ነበር። ከሌላ ነገድ የሆኑ ሰዎች መጥተው ማረፊያ ቢለምኑት፥ የተረፈ ቦታ እንደሌለው፥ ነገር ግን ከያዘው እንደሚቸራቸው ነገራቸው። መንደሪቱም ከዚህ ችሮታ የተነሣ መንፉሐ ተባለች። እንግዲህ ስሟ ራሱ ለመጻተኛ የተሰጠች ቦታ ማለት ነው።

መንፉሐ በሐኒፋ ሸለቆ አጠገብ፥ በተምር ዛፎች መካከል የቆመች የጭቃ ግንብ መንደር ነበረች። ከእስልምና በፊት ተወልዶ በ7ኛው መቶ ዓመት የሞተው ስመ ጥሩ ባለቅኔ አል አዕሻ የዚህች መንደር ልጅ ነው፤ ዛሬም በሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ጎዳና አለ። ይህ ባለቅኔ ከቤት ቤት እየዞረ መኳንንትን ሲያወድስ ከናግራን ክርስቲያን ጌቶች ዘንድ ደርሶ እነርሱንም አወድሷል። ናግራን ሲባል ለእኛ ባዕድ ስም አይደለም። በ523 እ.ኤ.አ. ገደማ ክርስቲያኖቿ ስለ ሃይማኖታቸው ሲታረዱ ንጉሣችን ካሌብ ባሕር ተሻግሮ መዝመቱን፥ ስንክሳራችንም ኅዳር 26 ቀን ሰማዕታቱን ማሰቡን ታውቃላችሁ። የመንፉሐው ባለቅኔ በዚያች ከተማ የተቀመጠው ከዚያ መከራ ሁለት ትውልድ ያህል ዘግይቶ ነው።

ሪያድ ማለት የአትክልት ቦታዎች ማለት ነው። መንፉሐም ሪያድም ሐጅር ከተባለችው ከቀደመችው የየማማ ከተማ አካባቢ የበቀሉ ጎረቤታሞች ናቸው። በ18ኛው መቶ ዓመት ግን ባላንጣ ሆኑ። አባቱ የመንፉሐ ገዥ የነበረው ደሃም ኢብን ደዋስ ከትውልድ ስፍራው ወጥቶ የሪያድ ገዥ ሆነ፤ መንፉሐ ደግሞ ከድርዒያ ጋር ወገነች። ሩብ ምእት ዓመት ያህል ከተዋጉ በኋላ በ1773 እ.ኤ.አ. ደሃም ሪያድን ለድርዒያ ለቅቆ ሸሸ። በጦር ያልተዋጠችው መንደር ኋላ በሰላም ተዋጠች። በ1950 እ.ኤ.አ. ገደማ የሪያድ ቅጥር ፈረሰ፤ በ1951 የባቡር ሐዲዱ ከባሕሩ ዳር ከደማም ገባ፤ ከዚያም መሥሪያ ቤቶቹ ከጂዳ ተዛወሩ፤ የነዳጁ ገንዘብ ሲፈስ ከተማዋ በየአቅጣጫው ሰፋች። ተምሩ ተቆረጠ፤ እርሻው ጎዳና ሆነ። በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ መንፉሐ ወደ 7 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ካላት ከተማ በደቡብ በኩል ያለች አንዲት ሰፈር ሆና ቀረች። ነባሮቹ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ወደ አዲሶቹ ሰፈሮች ሲሄዱ የቀሩትን ቤቶች ለእንጀራ የተሰደዱ ሰዎች ተከራዩአቸው። ከእነርሱም መካከል ወገኖቻችን ብዙዎች ነበሩ።

ያች ተሳላሚ በዓመቱ ተመልሳ መጣች። ከቅዳሴ በኋላ ከዛፉ ሥር አስቀምጬ «ስለ ሰፈሯ ንገሪኝ» አልኋት። በጠባብ ክፍል ስድስት ሆነው መኖራቸውን፥ በዐርብ ቀን እንጀራ ሲጋገር ሽታው ጎዳናውን ይሞላው እንደ ነበር፥ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የዘወትር ጸሎት ማድረሳቸውን ነገረችኝ። ከዚያ ወደ 2006 ዓ.ም. ደረሰች። የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው ሰዎች የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልቆ ከጥቅምት 25 ቀን ጀምሮ ፍተሻው ተጀመረ። ጥቅምት 30 ቀን በመንፉሐ ግጭት ተነሣ፤ ድንጋይና ዱላ ተወራወረ፤ ከአገሬውም ከስደተኛውም ሰው ሞተ።

«በዚያች ሌሊት» አለችኝ፥ «ከክፍላችን ወጥተን ስንሸሽ አንዲት አሮጊት በር ከፈቱልን። የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ ልጆቻቸው ሌላ ሰፈር ሲሄዱ እርሳቸው ከአባታቸው ቤት አልወጣም ብለው የቀሩ። ስድስታችንን ወደ ግቢያቸው አስገብተው በሩን ቆለፉት። ውሃና ተምር ሰጡን። ከውጭ ሲንኳኳ ከልጆቼ በቀር ማንም የለም አሉ። ሲነጋ ፊቴን በእጃቸው ዳብሰው ሸኙኝ። ሁልጊዜ እናቴ ብዬ ነበር የምጠራቸው፤ ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። አባ፥ ስማቸውን ስለማላውቅ የሰፈራቸውን ስም ጻፍሁ።»

እኔ የሰረዝሁት ይህን ነበር።

ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ልጃችን በዚያው በኅዳር ወር ለአገሯ በቃች። ከእርሷ ጋርና ከእርሷ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ150,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ በእግራቸው ነጠላ ጫማ ብቻ ነበር። ከእናንተም መካከል ይህን የምታነቡ፥ በዚያ ያለፋችሁ ትኖራላችሁ። ስለ ደረሰባችሁ በደል የምታዝኑት ኀዘን እውነተኛ ነው፤ የሞቱትንም አንረሳም። ነገር ግን ልጃችን ከዚያች ሌሊት ሁለቱን ይዛ መጥታለች፤ ዱላውንም ተምሩንም። እኔ ስለ ሥርዓት ስል አንዱን ከእጇ ልነጥቃት ነበር።

ሥርዓቱንም ቢሆን በሚገባ አላሰብሁትም። በቅዳሴያችን ስለ አገሮችና ስለ ከተሞች፥ በውስጣቸውም ስለሚኖሩት እንማልዳለን። ዕለት ዕለት በአፌ የምለውን በብዕሬ ከለከልሁ። ሴቲቱን ይቅርታ ጠይቄአት መዝገቡን አወጣሁ፤ ከሕያዋኑ ወገን «የመንፉሐ እናት» ብዬ ጻፍሁ። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እግዚአብሔር ያውቃል። ስማቸውንም ያውቃል።

ስለዚህ ተሳላሚዎች ሆይ፥ ስሙን የማታውቁት ባለውለታ ቢኖራችሁ የሰፈሩን ስም አስመዝግቡ። እናንተም ከእኔ በኋላ ይህን መዝገብ የምትይዙ ወንድሞቼ፥ የማታውቁት ስም ሲመጣ ከመሰረዛችሁ በፊት ጠይቁ። በበዓል ሰሞን የእንግዳ ማረፊያው ሞልቶ በር የሚያንኳኳ ሲመጣ የተረፈ ቦታ ባይኖረን እንኳ ካለን እንስጥ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።